የሻወር ቤት ሻጋታ፦ ሃዋሳ ላይ ገዝቼ የሞከርኳቸው ነገሮች እና ገንዘቡን ያወጣው የትኛው እንደሆነ

ፍርዱን ከፊት ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩን የፈለገ ወደታች ያንብብ። ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ በሴራሚኩ መሃል የሚወጣውን ጥቁር ሻጋታ ለማጥፋት ገንዘብ ካወጣሁባቸው ነገሮች ሁሉ አንደኛ የወጣው የተሰነጣጠቀውን ግራውት (በሴራሚኩ መሃል ያለውን የሲሚንቶ መሙያ) ቆፍሮ እንደ አዲስ የሞላልን የሴራሚክ ሰራተኛ ነው፣ ሁለተኛ ውሃ መግፊያ ጎማ፣ ሶስተኛ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ (ፋርማሲ ሚሸጠው የቁስል ማጠቢያ) እና ግራውት ላይ ሚቀባው ሲለር፣ ከዛ ተራ በረኪና። ሱፐርማርኬት ላይ በሚያምር ጠርሙስ ሚሸጠው የውጪ ስፕሬይ ከነዚህ በኋላ ነው ሚመጣው። ቤት ድረስ መጥቶ "በአሲድ እናጸዳለን" የሚለው አገልግሎት ደግሞ ዜሮ፣ እንዲያውም ከዜሮ በታች፣ እሱን ከታች በደንብ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው፣ ኪራይ። ሻወር ቤቱ ጠባብ ነው፣ ያለችው አንዲት ትንሽዬ መስኮት እሷም ወደ ደረጃው ስለምትከፈት ሰው ያያል ተብሎ ሁሌ ተዘግታ ነው ምትውለው። ሃዋሳ የሚኖር ያውቀዋል፣ ሐምሌ ነሀሴ ላይ ማታ የሰቀላችሁት ፎጣ ጠዋትም እርጥብ ነው። በዛ ላይ እንደ ብዙ ሰው እኛም ውሃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን ሞልተን እዛው ሻወር ቤት ነው ምናስቀምጠው፣ እና ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ላብ ያለው ነው ሚመስለው። ልጃችን ደግሞ አስም አለባት፣ ሀኪሟ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ካለ በቶሎ አስወግዱ ብሎናል። ስለዚ ለኔ ይሄ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ እጣን አጭሼ ሽታውን ሸፍኜ ማልፈው ነገር አልነበረም፣ ጭሱ ራሱ ለሷ ጥሩ አይደለማ።

ወደ እቃዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም እሱን ካላወቃችሁ የምትገዙትን ሁሉ በከንቱ ነው ምትገዙት። ሴራሚኩ ራሱ ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ሻጋታም እዛ ላይ ቢያርፍ በጨርቅ ይነሳል። በመሃሉ ያለው መስመር ግን ሲሚንቶ ነው፣ በአይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ፣ ውሃ ይመጣል፣ ሳሙናና የሰው ገላ ቅባት ይዞ ይገባል፣ ይቀመጣል። ሻጋታ ደግሞ ሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ እርጥበትና ትንሽ ምግብ። የሻጋታ ዘር በአየር ላይ በየቤቱ አለ፣ እሱን አጥፍቶ መጨረስ ሚባል ነገር የለም፣ ማድረግ ሚቻለው የሚያርፍበትን ቦታ ማድረቅ ነው። ሌላ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ወለሉ ላይና ሻወሩ መጋረጃ ስር ሚታየውን ሮዝ ዝልግልግ ነገር ሻጋታ ነው ይላል፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው፣ በሳሙናና በብሩሽ ቶሎ ይለቃል፣ ለሱ ብላችሁ ብዙ ብር አታውጡ። ጥቁር የሆነ ሁሉ ደግሞ ያ በኢንተርኔት ሚወራለት መርዛማው አይነት ነው ማለት አይደለም፣ እሱ በብዛት ሚወደው የራሰ ካርቶን፣ እንጨት፣ ጂብሰም ቦርድ ምናምን ነው፣ ሴራሚክ መሃል የምታዩት በአብዛኛው ሌላ ነው። አስም ላለበት ሰው ግን የትኛውም ቢሆን ጥሩ አይደለም።

እሺ በረኪና። ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ያለውን ጥቁር ቀለም ደግሞ አይናችሁ እያየ ነው ሚያጠፋው። እኔ ማረገው በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ከዛ በላይ ማጠንከር አያስፈልግም፣ ሽታው ብቻ ነው ሚጨምረው። መጀመሪያ ግን ግድግዳውን በላርጎ ወይም በኦሞ አጥባችሁ ማለቅለቅ አለባችሁ፣ የሳሙና ቅባቱ ላይ ዝም ብላችሁ በረኪና ብታፈሱ አቅሙን ቅባቱ ላይ ይጨርሳል እንጂ ሻጋታው ጋር አይደርስም። ከዛ ቀብታችሁ አስር አስራ አምስት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ መተው፣ በድሮ የጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ በብዙ ውሃ ማጠብ። ብዙ ሰው ሚዘለው ይሄን መተው የሚባለውን ነገር ነው፣ ረጭቶ ወዲያው ያጥብና አይሰራም ይላል። ግድግዳ ስለሆነ ፈሶ አልቆይ ሲላችሁ ሶፍት እንደ ገመድ ጠቅልላችሁ በረኪናው ውስጥ ነክራችሁ መስመሩ ላይ ለጥፉት፣ እዛው ይዞ ይቆያል፣ በተለይ ጥግ ጥጉ ላይ ይሄ በጣም ነው ሚሰራው። ጓንት ልበሱ፣ መስኮቱንና በሩን ክፈቱ፣ ልጄን እኔ በዛን ሰአት ውጪ ነው ምልካት።

በረኪና ሲገዛ ደግሞ ቀኑን እዩ። ፀሀይና ሙቀት እየቆየ አቅሙን ይገድለዋል፣ ስለዚ ሱቅ በር ላይ ፀሀይ ላይ ተደርድሮ የሚውለውን ትቼ ከውስጥ፣ ቀኑ ቅርብ የሆነውን ነው ማስወጣው። በውሃ የበጠበጣችሁትንም ለነገ አታስቀምጡ፣ ለእለቱ ሚበቃችሁን ብቻ በጥብጡ። ከ5 እኔ 3 ነው ምሰጠው። ለምን 5 አልሆነም ካላችሁ፣ ላይ ላዩን ያነጣል ግን ግራውቱ ውስጥ የገባውን አይከተለውም፣ ፈሳሹ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ራሱ ግራውቱን ያረጥበዋል፣ ክፍሉ ካልደረቀ ትንሽ ቆይቶ እዛው መስመር ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ይመለሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ራሱ ለሻጋታ ጽዳት በረኪናን እንደ ዋና ዘዴ አይመክርም፣ ሚለው ውሃውን አቁሙ፣ አሽታችሁ እጠቡ፣ አድርቁ ነው።

አሁን ይሄንን በትልቁ አንብቡልኝ። በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ከአቼቶ ጋር፣ ከሎሚ ጋር፣ ሽንት ቤት ማጽጃ ከሚባለው አሲድነት ካለው ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን ጋዝ ነው ሚወጣው፣ አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ። እኛ ሰፈር "ጠንከር እንዲል" ብለው ሁለቱን ባልዲ ውስጥ ደባልቀው ሻወር ቤት በር ዘግተው ሚያጸዱ ሰዎች አውቃለሁ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሄ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ሰራተኛ ካላችሁ ደግሞ ቁጭ አርጋችሁ አስረዷት፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብባ ትጠንቀቅ ብሎ መተው አይቻልም፣ አንዳንዱ ላይ ጽሁፉ በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ ነው።

የውጪው ስፕሬይ። ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት ነው የገዛሁት፣ የብራንዱን ስም ምን ያረግላችኋል፣ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ልጅቷን "እህት፣ ይሄ ውስጡ ምንድነው ያለው?" ስላት "ኧረ በጣም አሪፍ ነው፣ ሰው ሁሉ ነው ሚወስደው" አለችኝ፣ ጥያቄዬ እሱ አልነበረም ግን እሺ። ከጀርባው ስታነቡት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይላል፣ እሱ ማለት በረኪና ነው፣ ትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እና አረፋ ሚያወጣ ነገር ተጨምሮበት። ዋጋው ግን ብዙ ጠርሙስ በረኪና ይገዛል። መጥፎ እቃ ነው አልልም፣ አረፋው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ የሶፍቱን ስራ ይሰራላችኋል፣ ጣሪያ አካባቢ ላለው ደግሞ ይመቻል፣ ግን ወደ ላይ ስትረጩ አይናችሁ ላይ እንዳይመለስ መነጽር አርጉ፣ እኔ ለጣሪያው መጀመሪያ እስፖንጅ ላይ ረጭቼ ነው ምቀባው። ሽታው ግን ከተራው በረኪና ይብሳል፣ በደቃቁ ስለሚበተን ደረት ይይዛል፣ አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ከሆነ እኔ አልመክርም። ከ5 2፣ እሱም ለአረፋው።

ለአስም ቤት ምመክረው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ለቁስል ማጠቢያ ሚሸጠውን ባለ 3 ፐርሰንቱን በሉ፣ ጠርሙሱ ብርሃን እንዳያሳልፍ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ሳትበጠብጡ የድሮ መርጫ ጫፍ ገጥማችሁ መስመሩ ላይ ረጩ፣ ሽሽሽ እያለ አረፋ ያወጣል፣ አስር ደቂቃ ይቆይ፣ እሹት፣ ጥረጉት። ሚያፍን ሽታ የለውም፣ ሲጨርስ ወደ ውሃና ኦክስጅን ነው ሚለወጠው፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የድሮ የከረመ ጥቁርን ግን እንደ በረኪና አያነጣም፣ አዲስ የጀመረውን ነው ቶሎ ሚያጠፋው፣ ስለዚ እኔ ትልቁን ጽዳት አንዴ በበረኪና፣ ከዛ በኋላ ያለውን ጥበቃ በፐሮክሳይድ ነው ማረገው። እሱንም ከአቼቶ ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ቆዳና ሳንባ ሚያቃጥል ሌላ አሲድ ይሰራል። 4 ከ5።

አቼቶና ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳውን ማለቴ ነው)። ቲክቶክ ላይ ሁለቱን ደባልቀው ፉፍፍ ሲል ሚያሳዩት ነገር ለአይን ያምራል፣ አንዱ አሲድ ሌላው የሱ ተቃራኒ ስለሆነ ግን እርስ በርስ ተጠፋፍተው ሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳውን ብቻውን በትንሽ ውሃ እንደ ሊጥ አርጋችሁ በብሩሽ ብታሹበት ይሻላል፣ ሴራሚኩን ሳይቧጭር ቆሻሻ ያነሳል። አቼቶ ብቻውን ሴራሚኩ ላይ የተጋገረውን የውሃ ነጭ ቆሻሻ ያነሳል፣ ሻጋታም ላይ ትንሽ ይሰራል፣ ችግሩ ግራውት ሲሚንቶ ነው አላልኳችሁም? አሲድ ሲሚንቶ ይበላል። አንዴ ብታረጉት ምንም አይሆንም፣ በየሳምንቱ ከሆነ ግን መስመሩ እየሳሳና እየተቦረቦረ ይመጣል፣ የተቦረቦረ ግራውት ደግሞ የበለጠ ውሃ ይይዛል። ሎሚም ያው ነው። የብረት ድስት ማጠቢያ ሽቦውንም ግድግዳው ላይ አታሳርፉ፣ ሲሚንቶውን ይፍቀዋል፣ የሚሰባበረው ሽቦ መሃሉ ቀርቶ ደግሞ ዝገት ያወጣል።

አሲድን ካነሳን ይሄው ያ አገልግሎት። ስሙን አልጠራም። አንድ የጽዳት ድርጅት ነው፣ ወረቀት በየበሩ ይለጥፋሉ፣ ደውለን መጡ፣ ሁለት ልጆች፣ ባልዲና አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዘው። ጀሪካኑ ላይ ምንም ጽሁፍ የለበትም። ያፈሰሱት ግንባታ ሲያልቅ ከሴራሚክ ላይ የሲሚንቶ ፍንጣሪ ሚያነሱበትን አሲድ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጢስ ነው የወጣው፣ ልጆቹ ማስክ የላቸውም፣ ጓንታቸው የተቀደደ፣ እነሱም እያሳሉ ነው ሚሰሩት፣ አሰሪያቸው እንዴት ዝም ብሎ እንደሚልካቸው አይገባኝም፣ በጣም ነው ያሳዘኑኝ። ሲጨርሱ እውነት ነው ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ በጣም ነጭ፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ደረቅ ብሎ ጣቴን መስመሩ ላይ ሳስኬድ ግን እንደ አሸዋ ነው ሚረግፈው፣ ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት። የሻወሩ የብረት ቧንቧ ጠቆረ፣ የወለሉ ማፍሰሻ ክዳን ዛገ። ሻጋታው ከበፊቱ ፈጥኖ ነው የተመለሰው፣ ምክንያቱም ላይ ላዩን የነበረው ጠንካራ የግራውት ፊት ተበልቶ ውስጡ ተከፍቶለታል። ደውለን ስንናገር "ሻጋታ እኮ ይመለሳል፣ በየሶስት ወሩ እንመጣለን" አሉን። በየሶስት ወሩ ቢመጡ አንድ አመት ሳይሞላ ግራውት ሚባል ነገር አይኖርም ነበር። እንደዚ አይነት አገልግሎት ከቀረበላችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ "ምትጠቀሙት ፈሳሽ ስሙ ምንድነው?"፣ ካልነገሯችሁ በሩን ዝጉ።

አሁን ወደ ደስ ሚለው። የሴራሚክ ሰራተኛውን ያገኘነው መናኸሪያ አካባቢ ካለ የህንጻ መሳሪያ መደብር ጠይቀን ነው፣ ሴራሚክ የሚሸጡት ሰዎች ማን ጥሩ እንደሚሰራ ያውቃሉ፣ እንደዛ አርጋችሁ ነው መፈለግ ያለባችሁ። ገና ሲገባ ግድግዳውን አላየም፣ "እህቴ፣ የውሃ ቆጣሪያችሁ የት ነው?" አለኝ። ቧንቧውን ሁሉ ዘጋን፣ ከዛ ቆሞ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን መርፌ አያት፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ካልተንቀሳቀሰች ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ የንጹህ ውሃ ቧንቧ የለም ማለት ነው አለኝ። እየዞረች ቢሆን ኖሮ ግራውቱን መስራት ትርፉ ድካም ነው፣ ከጀርባ እየረጠበ ሻጋታው መቼም አይቆምም፣ መጀመሪያ ቧንቧ ሰራተኛ አስጠሩ ነበር ምልሽ አለ። ይሄንን ብቻ አይቼ ልቤ አረፈ፣ ስራ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያ ጥያቄው ያስታውቃል።

ቀጥሎ በመሮው እጀታ ሴራሚኩን አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ። ደህናው ጥብቅ ያለ ድምጽ ይሰጣል፣ ከሻወሩ ስር ያሉት ግን ባዶ ቆርቆሮ እንደመምታት ነው ሚሉት፣ ከጀርባቸው ባዶ ሆኗል። "ይሄ ጋ ውሃ ገብቷል" ብሎ ጥጉን አሳየኝ፣ ሁለቱ ግድግዳ የሚገናኙበትን፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከላይ እስከታች ወርዳለች፣ ሻጋታውም በጣም የጠቆረው እሷን ተከትሎ ነበር። ቤቱ ሲሰራ መስመሩን የሞሉት ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን በጥብጠው ነው አለኝ፣ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቤት እንደዛ ነው ሚሰራው፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ጥጉ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሲሚንቶ መሞላት አልነበረበትም፣ ሁለት ግድግዳ በሙቀትና በብርድ ለየብቻው ስለሚንቀሳቀስ ሲሚንቶ እዛ ላይ ዞሮ ዞሮ ይሰነጠቃል፣ ጥግ ላይና ግድግዳው ከወለሉ ሚገናኝበት ላይ ሚገባው ሲሊኮን ነው።

አሮጌውን ግራውት ሙሉ በሙሉ ቆፍሮ ነው ያወጣው፣ በላዩ ላይ አልቀባም። ይሄ ላይ አደራ፣ አንዳንዱ ሰራተኛ ቶሎ ለመጨረስ በጥቁሩ ላይ ስስ ነጭ ግራውት ይለስንበትና ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ይረግፋል፣ ሻጋታውም ከስር ይወጣል። የተከፈተውን መስመር በበረኪና አጥበን፣ አለቅልቀን፣ መስኮትና በር ከፍተን እንዲደርቅ ተውነው፣ እሱም በእርጥብ ላይ አልሰራም ብሎ ሄዶ በሌላ ቀን ነው የተመለሰው። ጀርባቸው ባዶ የሆኑትን ሴራሚኮች አንስቶ መልሶ ለጠፋቸው። ግራውቱን ፋብሪካ የሰራውን በከረጢት ያለውን ነው ያስገዛን፣ ሲበጠብጠው ውሃውን በጠብታ ነበር ሚጨምረው፣ ቀጭን ከሆነ ለመሙላት ይቀላል ግን ውሃው ሲተን ቀዳዳውን ትቶት ነው ሚሄደው አለኝ። በጎማ ስፓቱላ ሰያፍ እየገፋ ሞላው፣ ሲይዝ በደንብ በተጨመቀ እስፖንጅ እንደገና ሰያፍ ጠረገው፣ መስመሩን ተከትሎ ከተጠረገ ይቦረቦራል። ለሶስት ቀን ያህል ሻወር አትጠቀሙ አለን፣ እኛም በሳፋ ታጠብን።

ጥጉን በሲሊኮን ዘጋው። ሲሊኮን ስትገዙ ለመታጠቢያ ቤት የተሰራውን ጠይቁ፣ ሻጋታ የሚከላከል መድሀኒት ያለበት አለ፣ ለመስታወትና ለመስኮት የሚሸጠው ተራው አይነት ቶሎ ይጠቁራል። አንዳንዱ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይጠፋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ግን ውሃ አይንካው። የድሮ ሲሊኮን ውስጡ ከጠቆረ ደግሞ በማንኛውም ፈሳሽ አይለቅም፣ ሻጋታው ከላይ ሳይሆን ከሲሊኮኑ ጀርባ ነው ያለው፣ በከተር ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ማድረግ ነው መፍትሄው። ስለ ክፍያው፣ አከራያችንን አነጋገርኳቸው፣ "እትዬ፣ ግድግዳው ውስጥ ውሃ እየገባ ነው፣ ዛሬ ካልተሰራ ሴራሚኩ ራሱ ይወድቅብዎታል" ብዬ መጥተው ስንጥቁን በአይናቸው አዩ፣ "እንግዲያው ልጄ፣ እቃውን እኔ ልግዛ፣ የእጁን አንቺ ክፈይ" አሉኝ። ተከራይ የሆናችሁ ዝም ብላችሁ በየወሩ ስፕሬይ ከምትገዙ ወስዳችሁ አሳዩዋቸው፣ ቤቱ የነሱ ነው፣ ብዙዎቹ ካዩት ይሰማሉ። ለሰራተኛው 5 ከ5፣ ከልቤ።

ግራውት ላይ ሚቀባ ውሃ ማስተላለፍ ሚከለክል ሲለር ሚባል አለ፣ ሃዋሳ ሱቆች ላይ አጣሁትና ከአዲስ አበባ ነው በሰው ያስመጣሁት። አዲሱ ግራውት በደንብ ከደረቀ በኋላ በትንሽ ብሩሽ መስመር መስመሩን ትቀቡታላችሁ፣ የተረፈውን ሴራሚኩ ላይ ሳይደርቅ ትጠርጋላችሁ። መስራቱን ማወቂያው ቀላል ነው፣ መስመሩ ላይ ጠብ የምትል ውሃ ጣሉ፣ ድብልብል ብላ ከቆመች ይሰራል፣ ሰርጋ መስመሩን ካጠቆረች አልቋል፣ እንደገና ይቀባል። አንዴ ተቀብቶ ዘላለም አይሰራም፣ በአመት አንዴ መፈተሽ ነው። ሻጋታ ያለበት ግራውት ላይ ግን እንዳትቀቡት፣ እርጥበቱን ከነሻጋታው ውስጥ ትዘጉበታላችሁ። 4 ከ5፣ አንድ የቀነስኩት እዚ ስለማይገኝ ነው።

እና ጎማው። መስታወት ማጽጃ ሚባለው አጭሩ፣ እጀታ ያለው፣ የትም ይገኛል። ሻወር ወስዶ የጨረሰ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ግድግዳውን ከላይ ወደታች በጎማው ይገፋል፣ ከዛ ወለሉን ወደ ማፍሰሻው። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ግራውት ውስጥ ሊገባ የነበረው ውሃ አብዛኛው ያኔውኑ ነው ሚወርደው። ቤት ውስጥ እርጥብ የሆነ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰአት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ ለመብቀል ጊዜ አያገኝም ነው ሚባለው፣ ሻወር ቤት ግን ጠዋት አንዱ ማታ አንዱ እየታጠበ እንዴት ይደርቃል? ስለዚ በእጅ ማድረቅ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር፣ አሁን እኔን ነው ሚያስታውሰኝ። 5 ከ5 ባይበቃ 6 እሰጠው ነበር።

ከጎማው ጋር የለወጥናቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። መስኮቷ ላይ ውጪ እንዳያሳይ በረዶ ሚመስለውን ላስቲክ ለጠፍንና አሁን ገርበብ ብላ ነው ምትውለው፣ በሩም ከታጠብን በኋላ ክፍት። በርሜሉን ወደ በረንዳ አወጣነው፣ አቅም የሌለው ቦታ የሌለው ቢያንስ ክዳን ያድርግበት። ሻወር ቤት ውስጥ ልብስ አናሰጣም፣ ክረምትም ቢሆን። የአየር ማስወጫ ፋን አስገጥሙ ሚሉ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን አየሩን ወደ ውጪ ሚያወጣ መሆን አለበት፣ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ኮርኒስ ውስጥ ከሆነ እርጥበቱን ቦታ መቀየር ብቻ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው መስኮቱን ነው ምትፈልጉት። የእርጥበት መለኪያ ትንሽዬ ዲጂታል አለች፣ አየሩ ከ60 ፐርሰንት በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 መሃል ቢሆን ነው ጥሩ፣ እኛ ጋ ነሀሴ ላይ እዛ ማድረስ ከባድ ነው ግን መስኮት ስትከፍቱና ስትዘጉ ልዩነቱን በቁጥር ስታዩት ቤተሰብ ለማሳመን ይጠቅማል።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ለጠየቀ፣ ግድግዳው ንጹህ ነው፣ የተሰራው ጥግ ላይ ምንም አልተመለሰም። ከቦይለሩ ጀርባ ግን እጅም ጎማም የማይደርስበት አንድ መስመር አለ፣ እዛ ላይ ትንሽ ትንሽ ግራጫ ነገር ይጀምራል፣ ሳየው ፐሮክሳይድ እረጭበታለሁ፣ ይጠፋል፣ ሲቆይ ይመጣል። ሰራተኛው ቦይለሩ ተነስቶ ካልሆነ እዛ መግባት አልችልም ብሎኛል፣ ለሱ ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል፣ ሃዋሳ ውስጥ ቦይለር አውርዶ መልሶ ሚሰቅል ጥሩ ሰው ምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።